ሦስቱ ሳይገጥሙ

በየሺመቤት እጅ በሙሉ ዋጋው የገባ ዕቃ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የጋብቻ ቀለበቷ ነው፤ እሱንም ባሏ ብቻውን ሄዶ ስለገዛው እንጂ እሷ አብራው ብትሄድ ኖሮ ወርቅ ሻጩን አስለቅሳው ነበር የምትወጣ። ሁለተኛውን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ ቶሎ ልናገረው ብልም አፌ እሺ አይለኝም።

እኔ ሸዋዬ እባላለሁ። ዕድሜዬን ፋብሪካ ፈትል ክፍል ቆሜ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጆሮዬ እዚያው ማሽኑ ዘንድ ስለቀረ ጮክ ብዬ ነው የማወራ፤ ሰው የተቆጣሁ ይመስለዋል። ደግሞም ተቆጥቻለሁ። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ካለችው ግቢዬ ከኋላ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች የሺመቤትና ባሏ ምናሴ ተከራይተውኝ ይኖሩ ነበር። ኪራይ ስላችሁ እንደ ባዕድ አትቁጠሩብኝ፤ የሺ ልጇን ሔራንን ስትወልድ ያረስኋት እኔ ነኝ።

የሺ የመራዊ ልጅ ናት። እናቷ በርበሬ ቸርቻሪ ስለነበሩ ገበያ መሀል ነው ያደገች፤ አሁን እኔ በወጣሁበት ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ትሠራለች። ምናሴ የአሰላ ሰው ነበር፤ ለኮሌጅ መጥቶ ሐይቁን አየና ቀረ። ሐይቁን ይወደዋል፣ መዋኘት ግን አያውቅም፤ አሰላ ላይ ማን ያስተምረዋል? ከሐይቁ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። ሰኞ ጠዋት በሞተር ጀልባ ይሻገራል፣ እዚያው ሰንብቶ ዓርብ ይመለሳል። የየብስ መንገድ ድሮም ነበር፤ በዚህ ሰሞን አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ሰው ሁሉ በውኃ መሄድ ለመደ።

መቼም ሰው አንዳንድ ሙያ አያጣም፤ የየሺ ሙያ ዋጋ ማውረድ ነው። በስልክ የሚገበያዩበት አንድ መደብር አለ። ስሙን አልጠራውም፤ ምን ጎድሎብኝ ማስታወቂያ እሠራለታለሁ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ላገሩ ሁሉ ይሸጣል፤ ዕቃው በአውቶቡስ ይመጣና መናኸሪያ ሄዶ መቀበል ነው። ይህ መደብር ሰው የሚያባብልበት ሦስት ዘዴ አለው። በዓል ሲደርስ ዋጋ ይቀንሳል። በቴሌግራም ደግሞ አልፎ አልፎ ኮድ የሚሉትን ይለቃል፤ እሱን ቀድሞ ያየ ሰው ሲከፍል ይጽፈውና ሌላ ይቀነስለታል። ሦስተኛው ነጥብ ነው፤ በገዛችሁ ቁጥር ነጥብ ይያዝላችኋል፣ ነጥቡ ሲበረክት እንደ ብር ሆኖ ይከፍላል። ሌላው ሰው ከሦስቱ አንዱን ካገኘ ተመስገን ብሎ ይገዛል። የሺ ግን ሦስቱንም አንድ ዕቃ ላይ ደራርባ ነው የምትገዛ። ለኔ የኤሌክትሪክ ምድጃ በአንድ ኪሎ ቅቤ ዋጋ አስመጣችልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ «በስንት ወረደልሽ?» እያለ ግቢዬን አጣበበው፤ እሷም ይህን ጥያቄ ስትሰማ እንደ ሙሽራ ታፍርና ደስ ይላት ነበር።

ነጥብ ለብቻ ቶሎ አይጠራቀምም፤ ሳይበረክት ጊዜው ያልፍበትና ይጠፋል። የሺ ለዚህም መላ አመጣች። የሰፈር ሴቶች ስምንት ሆነን ዕቁብ ገባን፤ የብር ሳይሆን የነጥብ ዕቁብ። ሳሙናው፣ ዘይቱ፣ የሕፃን ዳይፐሩ፣ ስምንታችን በወሩ የምንፈልገው ሁሉ በባለ ዕጣዋ ስልክ ይገዛል፤ እኛ ዕቃችንን እንወስዳለን፣ ነጥቡ በሙሉ ለእሷ ይቀርላታል። በሚቀጥለው ወር ተራው የሌላዋ ነው። ያንን መደብር የሠሩት ልጆች ይህን ቢያዩ ራሳቸውን ይይዙ ነበር፤ ዕቁብ በሚባል ነገር ግን እኛን ማን ያስተምረናል? እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት ተሰብስበን፣ ስልካችንን ዘርግተን፣ እየተሳሳቅን እንገዛ ነበር። ደግ ጊዜ ነበር።

ዕቁብ ያለ ዳኛ አይሆንም፤ ዳኛችን የሺ ሆነች። ዳኛዋም ሕግ አወጣች። ነጥቡ የስምንት ሰው ላብ ስለሆነ አይባክንም፣ ስለዚህ ሦስቱ ሳይገጥሙ ማንም አይገዛም አለች። የበዓሉ ቅናሽ፣ ኮዱና ነጥቡ አንድ ላይ ካልተገናኙ ዕጣ የወጣላትም ብትሆን እጇን ሰብስባ ትጠብቃለች ማለት ነው። ሁላችንም ተስማማን። አንዷ ተነሥታ እልል ስትል ትዝ ይለኛል።

ሕጉ መጀመሪያ የነካው ጸሎትን ነው። ጸሎት ከመንገዱ ማዶ ያለች፣ ቢሮ ውላ የምትገባ ዝምተኛ ሴት ናት፤ እናቷ ሰውነታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከተኙ ቆይተዋል። የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ዕጣው ለእሷ ወጣ። እናቷ የተኙበት ፍራሽ ሳስቶ ጎናቸው መላጥ ጀምሯልና ወፍራም ፍራሽ አሁኑኑ ልግዛ ብላ ለመነች። የሺ ስልኳን ተቀብላ አሰላችላት፤ አሁን ከገዛሽ ይህን ያህል ትጨምሪያለሽ፣ ለፋሲካ ከገዛሽ በነፃ ነው የሚመጣልሽ አለቻት። ለክፋት አልነበረም፤ የጸሎት ደሞዝ ለመድኃኒት እንኳ እንደማይበቃ ስለምታውቅ ነው። ጸሎት አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። ፍራሹ የመጣው ለፋሲካ ነው፣ ዋጋውም እንደተባለው ወረደ፤ እስከዚያ ግን የእናቷ ጎን ተከፍቶ ነበር። አሁንም አልዳነላቸውም። ጸሎት ስለዚህ ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔ የሚጮህ ሰው አያስፈራኝም፣ እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈራኝ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ዓርብ ምናሴ እስከ አንገቱ ርሶ መጣ። ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ተኝቶ ነው የሚውል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣበታል። የሐይቅ ሰው ይህን ስለሚያውቅ በጠዋት ይሻገራል። አስተማሪ ደግሞ ተማሪ ሳያሰናብት አይወጣም፤ ስለዚህ ዓርብ መመለሻው ሁልጊዜ ነፋሱ ላይ ነው። ያን ቀን ጀልባዋ ውኃ ገብቶባት፣ ሰው ሁሉ በጣሳና በጫማው እየቀዳ ሲያፈስ ነው የደረሱት። ምናሴ ይህን ሲያወራልን ይስቃል። ከንፈሩ ግን ሰማያዊ ሆኖ ነበር። የሺ ፎጣውን ይዛ ቆማ ስታየው ነበር፤ አልሳቀችም። የጀልባው ነጂ አካሉ ላይፍ ጃኬት የለውም ወይ አለችው፤ ያ ደረት ላይ የሚታሰር፣ ሰው ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ማለቷ ነው። ነበሩት አላት፤ ፈረንጅ ሲጫን የሚያለብሳቸው ጥቂት ነበሩት፤ ፈረንጅ መምጣቱን ከተወ ወዲህ መጋዘን ተጥለው አይጥ በልቷቸዋል።

በማግስቱ ገበያውን ዞረን አጣነው። አንድ ሱቅ ያገኘነው ስፖንጁ በእጅ ሲነኩት የሚፈረፈር ነበር፤ የሺ ጨርቅ መርማሪ አይደለች፣ ስፌቱን ገልብጣ አየችና ወረወረችው። ያ መደብር ግን ነበረው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሦስት ጠንካራ ማሰሪያ ያለው፣ ብርቱካንማ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ ፊሽካ እንኳ የተንጠለጠለበት። ዋጋው የምናሴን የወር ደሞዝ ሊጨርስ ምንም አይቀረው። የሺ ስልኩ ላይ ካለችው የዘንቢል ሥዕል ውስጥ አስገባችው፤ ልትገዙት ያሰባችሁት ዕቃ እዚያ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ነገሩን ለሴቶቹ አወራሁ። የወሩ ዕጣ የአደይ ነበር፤ አደይ አፏ የማያርፍ፣ ዓመት ሙሉ ስለ ጭማቂ መፍጫ ስታወራ የኖረች ሴት ናት። ስትሰማ ግን ዕጣዬን ለቅቄያለሁ፣ የወሩ ዕቃ በየሺ ስልክ ይገዛ፣ ነጥቡ ለምናሴ ይሁን አለች። ከእሷ ያልጠበቅነው ነበር፣ እግዜር ይስጣት። ሁላችንም አሁኑኑ ግዢ አልናት፤ ነጥቡ ግማሹን ይከፍላል፣ የቀረውን ተጋግዘን እንሞላለን። የሺ ስልኩን አነሣች። አውራ ጣቷ ለመግዛት የሚነካው ላይ ቆሞ ነበር፤ ጎኗ ተቀምጬ ስለነበር አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ጸሎት፣ መናገር የማትወደዋ ጸሎት፣ ከጥግ ሆና ተናገረች።

«የሺዬ፣ ፍራሽ ይጠብቃል፤ ውኃ አይጠብቅም።»

የሺ ቀና ብላ አየቻት። ቀልታ ነበር። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ላንቺ እናት ያልፈረሰ ሕግ ለኔ ባል አይፈርስም» አለቻት። «ገና ቅርብ ነው። ሦስቱ ይገጥማሉ።»

ተቆጣኋት። ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፣ ታፈርሺዋለሽም፣ እንደ ሙሴ ጽላት ይዘሽ አልወረድሽ አልኋት። ሴቶቹ ሳቁ፣ እሷ አልሳቀችም። ጸሎትን ከከለከለች በኋላ ለራሷ ብትፈቅድ ከእንግዲህ ዓይኗን እንዴት ታያት? ይሉኝታ ያዛት። ቅናሹም እውነት ነበር፣ እሱንም አልክድም፤ እስከ ገና ብትጠብቅ ጃኬቱ በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ሊመጣ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሆኑባት። ለራሷ ብቻ የምታስብ ሴት ብትሆን ኖሮ ለባሏ ቶሎ ትገዛ ነበር፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ታኅሣሥ እንደገባ ኮዱ ተለቀቀ። የሺ በሌሊት ፈረቃ እያለች ተሻምታ ያዘችው። ነጥቡ በእጇ አለ፣ ኮዱ በእጇ አለ፤ የቀረው የበዓሉ ቅናሽ ብቻ ነው። ማታ ማታ ዘንቢሏን ትከፍታለች፣ ጃኬቱ መኖሩን አይታ ትዘጋለች። ምናሴ ይቀልድባት ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ ገጥመዋል፣ እንግዲህ ብሰጥምም እስከ ጉልበቴ ነው ይላል። አንድ ጊዜ ደግሞ ለእኔ፣ እትዬ ሸዋዬ፣ ይህች ሴት እኔንም ያገባችኝ በቅናሽ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አስቆኛል። ዓርብ ዓርብ ግን የሺ ከፋብሪካ ስትወጣ በቀጥታ ቤት አትገባም፤ ወደ ሐይቁ ወርዳ ጀልባዋ እስክትመጣ ቆማ ትጠብቃለች። ሲደርስ ቀድማው ትሄድና ድንገት መንገድ ላይ ያገኘችው ትመስላለች። ይህን ራሱ ምናሴ ነው የነገረኝ፤ ያውቅባት ነበር።

ቅናሹ ሰኞ ሊጀምር፣ ነገሩ የሆነው ዓርብ ነው።

ያን ቀን የሺ የወሩን ዕቃችንን ለመቀበል መናኸሪያ ሄዳ ስለነበር ወደ ሐይቁ አልወረደችም። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ አካሉ ገባ። ባዶ እግሩን ነው፣ ከላይ እስከ ታች ይንጠባጠባል። ጌሾ ጭነው ነበር፤ ነፋሱ ከጎን መታቸውና ጀልባዋ ተገለበጠች። ከተማው እየታያቸው ነው፣ የባሕር ዳር ዘንባባዎች እየታዩዋቸው። ሌሎቹ የሐይቅ ልጆች ናቸው፤ ዋኙ፣ ጀሪካን ያዙ፣ የጀልባዋን ሆድ ያዙ። ምናሴ የአሰላ ልጅ ነው።

«እትዬ፣ መምህሩን አጣነው» አለኝ።

እኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ወገን ተጠርቶ፣ በማለዳ ነው የሚነገር። እሱን ሳስብ፣ አካሉን የት ልደብቀው እያልሁ ስባክን የግቢው በር ተከፈተ። የሺ ናት፤ በሁለት እጇ የስምንታችንን ሳሙናና ዘይት ተሸክማ። አካሉን አየችው። ውኃው ከልብሱ እየወረደ መሬቱን ያራሰውን አየች። አላለቀሰችም፣ የት አለም አላለች። ዕቃውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ምን ለብሶ ነበር?» አለችው።

አካሉ ምን እንደጠየቀችው አልገባውም፤ እኔን አየኝ። ከዚያ «ሸሚዝ» አላት።

እሷም ካስቀመጠችው ዕቃ አጠገብ ተቀመጠች።

እሑድ ዓሣ አጥማጆች ደንገል ውስጥ አገኙት። ሰኞ ቀበርነው። የአሰላ ዘመዶቹ መንገዱ አላደርሳቸው ብሎ እናቱ እንኳ አፈር ሳያለብሱት ቀሩ፤ በስልክ ነው ያለቀሱ፣ የሳቸው ልቅሶ ከስልኩ ሲወጣ መስማት ያልቻልነው ብዙዎች ነን። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የየሺ ስልክ ይጮህ ጀመር። አንዴ ነው ብዬ ተውሁት። ደጋገመ። ዘመድ ይሆናል ብዬ ከደረቷ ሥር አውጥቼ አየሁት። መደብሩ ነው። ዘንቢልዎ ውስጥ ያስቀመጡት ዕቃ ዋጋው ቀንሷል፣ ሳያልቅ ይፍጠኑ ይላል። ከሥሩ የጃኬቱ ሥዕል አለ። ልሰብረው ነበር፣ በእውነት ከድንጋይ ጋር ላጋጨው ነበር፤ እሷ እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝና አነበበችው። ሦስቱ ገጥመው ነበር።

ሰው ደግ ነው ይባላል እንጂ ሁሉም አይደለም። ለቅሶ ደራሹ መሀል አንድ ሰውዬ፣ ወጥ እየበላ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲል ሰማሁት። ጆሮዬ ደካማ ነው፣ ይህን ግን ሰማሁ። ሳህኑን ከእጁ ላይ አነሣሁና ሂድ፣ ከቤትህ ብላ አልሁት። ዕድርተኛ ተቆጣ፣ ድንኳን ውስጥ እንዲህ አይደረግም ተባልሁ። ይቆጡ። እሷ የቆጡን ልታወርድ የተንጠራራች ለእሱ ሚስትም ጭምር ነበር፤ የሚስቱ ማቀዝቀዣ ከማን ዕቁብ መጣና?

ጸሎት ሦስቱንም ቀን ከጓዳ አልወጣችም፤ ድስት ታጥባለች፣ ውኃ ትቀዳለች። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀል የሺ ተነሥታ ጓዳ ገባችና አጠገቧ ቆመች።

«እናትሽን ያቆሰልኋቸው እኔ ነኝ» አለቻት።

ጸሎት ድስቱን አላስቀመጠችም። እጇ አረፋ እንደሆነ፣ አሁን ስለሱ አይወራም አለቻት። አልሆነም፣ አላደረግሽም አላለቻትም። የሺም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀቻትም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አብራት ታጥብ ጀመር።

ዐርባው እስኪወጣ የሺ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ሔራንን ታበላለች፤ ሌላ የለም። ዕቁቡ ተበተነ። ማንም ይበተን አላለም፤ እሑድ ደረሰ፣ ማንም አልመጣም፣ አለቀ። ሳሙና ከሱቅ በሱቁ ዋጋ እንገዛለን። በዚህ መሀል ማዶ ያለው ትምህርት ቤት በምናሴ ቦታ አዲስ መምህር መመደቡን ሰማን። ኪሩቤል የሚባል ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው አሉ፤ እሱም ሰኞ ሄዶ ዓርብ ይመለሳል። ይህ በተወራ ማታ የሺ ክፍሌ መጣች። ልገዛ ነው፣ እትዬ፣ አጠገቤ ይቀመጡልኝ አለችኝ። ምን እንደምትገዛ አልጠየቅኋትም።

ገንዘቡ የእዝን ገንዘብ ነው፤ የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ከደሞዛቸው አዋጥተው የሰጧት። ዘንቢሉን ከፈተች። ጃኬቱ እዚያው አለ፤ የገናው ቅናሽ ግን አልፎ ዋጋው ወደ ነበረበት ተመልሷል። ስልኩ ኮድ አለዎት ወይ ብሎ ጠየቀ። ኮዱ ጊዜው አላለፈም ነበር፤ እሷም እኔም በቃላችን እናውቀዋለን። ባዶውን አለፈችው። ነጥብ መጠቀም ይፈልጋሉ ወይ አለ። አደይ የለቀቀችው ነጥብ ሙሉው እንዳለ ተቀምጧል። አልፈልግም የሚለውን ነካች። ልማድ ክፉ ነው፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ኧረ ነጥቡ እንኳ ልላት ነበር። ፊቷን አይቼ ዋጥሁት። የመጨረሻውን ነካች። ከዚያ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችና ከብዙ ጊዜ በኋላ አለቀሰች፤ ሔራን እንዳትነቃ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

ጃኬቱ ከደረሰ በኋላ ባለው ሰኞ ገና ሳይነጋ ወደብ ወረድን። ልጁን ያወቅነው በያዘው ደብተር ነው። ቀጭን ነው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። የሺ ማን እንደሆነች ነገርሁት፤ ማዳመጫውን አወጣና ቆመ። እሷ ጃኬቱን በትከሻው ላይ አስገባችለትና ማሰሪያዎቹን ከታች ጀምራ አንድ በአንድ አሰረች። እየጎተተች ታጠብቃለች፤ እያጠበቀች ደረቱን ታያለች። ልጁ መተንፈስ ፈራ። ነገሩን ለማቅለል ብሎ ይሆናል፣ ቅናሽ የሚያወጡት ሴትዮ እርስዎ ነዎት አሉኝ፣ በስንት ወረደልዎት አላት።

«በሙሉ ዋጋው ነው» አለችው።

ያን ዕለት ጀልባዋ እስክትጠፋ ቆመን አየናት። ብርቱካንማው ከሩቅ ይታያል፤ በእውነት ጥሩ ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ለራሴ ጉዳይ በወደቡ ሳልፍ ኪሩቤልን ጀልባ ላይ አየሁት። ጃኬቱን አጥፎ ተቀምጦበታል። የጀልባው መቀመጫ እንጨት ስለሆነ ይቆረቁራል፤ ጃኬቱ ለስላሳ ነው። ማዳመጫውን ሰክቶ ራሱን ይነቀንቃል።

ምን እንዳልሁት ሁሉ አልነግራችሁም፤ ወደቡ ግን ሰምቶኛል። ተነሥ፣ ከላዩ ተነሥ፣ የሰው ደም ላይ ነው የተቀመጥህ አልሁት። ልጁ ባለጌ አይደለም፤ እማማ፣ ይሞቃል እኮ፣ ሌላ የለበሰም የለም፣ ይስቁብኛል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማንም አልለበሰም። አካሉ ራሱ አዲስ ባሳደሳት ጀልባ ላይ በሸሚዝ ቆሟል። ልጁ ግን ተነሣ፣ ለበሰው፣ እኔ ፊቱ ቆሜ እያየሁት አሰረው። ጀልባዋ ሄደች። ከደንገሉ ወዲያ ስታልፍ ያውልቀው አያውልቀው አላየሁም፤ ዓይኔ እዚያ አይደርስም።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ወደብ እወርዳለሁ። ውኃ የምፈራ ሴት ነኝ፣ ጉልበቴም አይረዳኝ፤ ግን ሄጄ እቆማለሁ። ሲያየኝ ይለብሳል። ስመለስ የሺ ለሥራ ስትወጣ በር ላይ እንገናኛለን፤ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ለበሰው?»

«ለብሶታል።»

«ሦስቱንም አሰረ?»

«ሦስቱንም» እላታለሁ፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ታስተካክልና ወደ ፋብሪካዋ ትሄዳለች።